ብረቱን ዝም ያሰኘህበት ማሳ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአስናቀ ገብረ ማርያም፣ አሶሳ በረሃ ወርቅ ቁፋሮ ላይ ላለኸው።

ወንድምዓለም፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? የቆላው ወባ ለቀቀህ ወይስ እንዳምናው እየተመላለሰ ያስቸግርሃል? ምግብህስ፣ መኝታህስ፣ አብረውህ የሚቆፍሩት ሰዎችስ እንዴት ናቸው? እናታችን ዝናብ በጣለ ቁጥር «ልጄ ከምን ሥር ተጠልሎ ይሆን» ይላሉ። እኛ ከሞት በቀር ሁሉ ደርሶብን፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ፈልጌ እጄ እምቢ አለኝ።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩህ አባባ አጠገቤ ስለሚቀመጡ ነው። አንተ ስትደውል ቤቱ በሙሉ ጆሮ ይሆናል። አሁን ግን ባልንጀራህ ሲሳይ ከእብናት ወደ እናንተ እንደሚመለስ ሰማሁና ደብዳቤውን በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። አሽጌዋለሁ። ሰው በሌለበት አንብበው።

ግንቦት ላይ አባባ እግራቸውን ያጡ ጊዜ በስልክ ምን እንዳሉህ ታስታውሳለህ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንተ የጸዳውን ለመለየት ከተከልከው ችካል አልፌ አረስኩ» አሉህ። አንተም «እኔስ ችካሉን ያስተከልኩት ለዚህ ነበር እኮ» አልክ። ከዚያ ረዘም ያለ ትንፋሽ ስትተነፍስ ሰማሁ፤ ሸክም እንዳወረደ ሰው። ያ ትንፋሽህ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ወንድምዓለም፣ አባባ ከችካሉ አላለፉም። ፍንዳታው የከፈተው ጉድጓድ ከችካሉ ወደ ውስጥ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። እኔው ራሴ በእግሬ ለክቼዋለሁ።

በዚያ የጦርነት ክረምት ጉና ሥር ያለው ማሳችን ምሽግ ሆኖ መክረሙን አንተም ታውቃለህ። ጦሩ ካለፈ በኋላ አፈር ውስጥ ያልፈነዳ ነገር ቀርቷል ስለተባለ ሁለት ዓመት ጦም አደረ። የጎረቤታችን የአያ ሞላ ማሳም፣ ባሏ የሞተባት የእትዬ የሺ የድንች መደብም እንደዚሁ። ለጥምቀት የወርቅ ማሽንህን ተሸክመህ ስትመጣ ታዲያ ለሰው ሁሉ ተስፋ ሆንክ። መጀመሪያ የጠየቀህ አያ ሞላ ነው፤ «ወርቅ ከመሬት ሆድ የሚያወጣ ማሽን ቦምብ አያጣም» ብሎ። ገና አንተ መልስ ሳትሰጥ አባባ «ልጄ ያጸዳልናል» አሉ። በዚያች ቀን አንገታቸው ስንዝር ረዝሞ ነበር።

እኔ ችካል ተሸክሜ ከኋላህ ነበርኩ። ማሽኑን ስታበራ ስለ ድምፁ ያስረዳኸኝ ሁሉ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፤ ደስ ብሎህ ነበርና። በአንደኛው ምርጫ ማዕድን ሁሉ በአንድ ድምፅ ይጮኻል፤ ምን እንደሆነ ሳትቆፍር አታውቅም። በሁለተኛው ብረት እንደ በሬ ወፍራም ድምፅ ያሰማል፤ ወርቅና መዳብ ቀጠን ያለ። በሦስተኛው ብረት ጭራሽ ዝም ይላል። «እኛ በረሃ የምንሠራው በዚህ ነው» አልከኝ። «ብረት ወሬኛ ነው፤ አፉን ካልዘጋሽው ወርቅ አያናግርሽም።»

ማሳው ላይ ግን የጀመርከው በሁለተኛው ነበር። ያን አልክድህም። ማሽኑ በየእርምጃው ያጉረመርማል፤ አንተም ተንበርክከህ አፈሩን በቀስታ ትገልጣለህ። የጫማ ምስማር ወጣ፣ የተሰበረ ማጭድ ወጣ፣ የቆርቆሮ ክዳን ወጣ። እንዲህ ስትል ረፈደ። የማሳውን ሩብ እንኳ አላለፍክም። ሲሳይ ደግሞ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ያፏጭልህ ነበር። እብናት ካለው ጉብታ ሥር የጥንት ሰው የቀበረው ወርቅ አለ ብሎህ፣ የእኩለ ቀኑ መኪና እንዳያመልጣችሁ ነው። ያኔ አውራ ጣትህ ቁልፉን ሲጫን አየሁ። ማሽኑ ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ አካሄድህ ሌላ ሆነ፤ መንገድ እንደሚሄድ ሰው ነው ማሳውን ያቋረጥከው። «ለምን ዝም አለ?» ብዬ ብጠይቅህ፣ «ጸዳ ማለት ነዋ፤ ችካል ትከይ» አልከኝ። «ብረቱንስ?» ብልህ፣ «ቦምብ መዳብ አያጣውም፤ ካለ ይጮኻል» አልክ። ዓይንህ ግን ሲሳይ ላይ ነበር። የቀረውን ማሳችንን፣ የአያ ሞላን በሙሉ፣ የእትዬ የሺንም መደብ ስድስት ሰዓት ሳይሆን ጨረስክ። እኔ ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ታላቄ ነህና አፌን ያዝኩ። ይህን ጥፋቴን ላንተ አላሸክምም።

ግንቦት አሥር ቀን አባባ ቡሬንና ዳልቻን ጠምደው ወጡ። እኔ ከምንጭ ውሃ እየቀዳሁ ነበር። ድምፁን ስሰማ ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንም አላስፈለገኝም። ስደርስ ቡሬ ሞቷል፤ ዳልቻ ቀንበሩን እየጎተተ ይንቀጠቀጣል። አባባ ትልሙ ውስጥ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘዋል። አልጮኹም። «ወደዚህ አትምጪ፣ በመጣሁበት ትልም ብቻ ርገጪ» ነው ያሉኝ። አያ ሞላ ቃሬዛውን ከፊት ይዞ ከማሳው ዳር እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ትከሻ ሳይቀይር ወረደ። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

በሦስተኛው ቀን ነፍሳቸው መለስ ሲል መጀመሪያ ስለ በሬው ጠየቁ። ቀጥለው ጉድጓዱን ማን ማን እንዳየው ጠየቁ፤ ከእኔ በቀር ጠጋ ብሎ ያየው የለም አልኳቸው። እኔም የማሽኑን ነገር፣ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። «ዓይናለም፣ ከችካሉ አልፌ ነው ያረስኩት። ለሰው እንዲህ ነው የምትዪው» አሉ። «አባባ፣ ውስጥ ነበሩ እኮ» ብላቸው፣ «እግሬ ሄዷል፣ አይመለስም። የልጄን ስም ግን አብሬው አልቀብርም» አሉኝ።

ሰውም አመናቸው። እንዲያውም ያንተ ችካል ከበፊቱ የበለጠ ተከበረ። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ «አስናቀማ የነገረውን ነግሮ ነበር፣ ሽማግሌው ናቸው ያለፉት» እያለ ይሄዳል። አያ ሞላ በየእሑዱ እየመጣ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጥ ነበር፤ «እኔ እንኳ ከችካሉ ስንዝር አልወጣም» ይላቸዋል። እሳቸው ስለ ዝናቡ ያወሩታል። ሲወጣ እኔ «አባባ፣ ይንገሩት» እላለሁ። «ልዳንና እነግረዋለሁ» ይላሉ። እንዲህ እያልን ወደ ቤት መለስናቸው፣ ግንቦትም አለቀ።

ሰኔ ሁለት ቀን ጠዋት ከደጃፍ ቆሜ አያ ሞላ ጥማዱን እየነዳ ወደ ማሳው ሲወጣ አየሁት። አባባም ከመደባቸው ሆነው አዩት። ፊታቸውን አየሁ፤ ወደ ግድግዳው አዞሩት። ያኔ ነው የሮጥኩት። ስደርስ ሦስት ትልም አውጥቶ አራተኛውን ጀምሯል። ሚስቱ ገነት ዳር ላይ ቆማ ጓል ትሰብራለች። ትልሙን ትልሙን ሄጄ ከበሬዎቹ ፊት ቆምኩ። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ሁሉንም ነገርኩት፤ ብረቱን ዝም ማሰኘትህን፣ አባባም ከችካሉ አለማለፋቸውን። ጅራፉን ቀስ ብሎ አወረደ። ሞፈሩን ፈትቶ እዚያው ተወው። በሬዎቹን በረገጡት ላይ መልሶ እያስረገጠ አወጣ። ገነትን «ባለሽበት ቁሚ» አላት፤ ሄዶ እጇን ይዞ አወጣት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ይህን ካወቅሽ ስንት ቀንሽ ነው?» አለኝ። አባባ ከወደቁ ሃያ ሁለት ቀን ነው አልኩት። «ሦስት እሑድ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጫለሁ» አለ። ለዚህ መልስ ቢኖርህ ላክልኝ።

በስምንተኛው ቀን ፈንጂ የሚያመክኑ ሰዎች መጡ። መሪያቸው ጠና ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ማሽንህን ለፋሲካ ተመልሼ እቆፍርበታለሁ ብለህ ከጣልክበት አውጥቼ አሳየሁት። ገና ሲያየው «ይህ የወርቅ ነው፤ በየትኛውም ድምፅ ቢሆን ለዚህ ሥራ አይታመንም» አለ። ከዚያ አበራው። ደጃፍ ላይ የማረሻ ብረት ነበር፤ ማሽኑን ከላዩ ወዲያና ወዲህ ቢያወዛውዘው ጭጭ አለ። የመዳብ ቀለበቴን ሣሩ ላይ አስቀምጦ ቢሞክር ሲር አለ። ቁልፉን ሲጫን ግን ያው ማረሻ አጉረመረመ። «የሞርታር ቅምቡላ አካሉ ብረት ነው» አለኝ። «ወንድምሽ ይህን ያውቅ ነበር?» ሰዎቹ ቆመዋል፣ አያ ሞላ ቆሟል፣ አባባ በበሩ በኩል ይሰማሉ። አዎ፣ ያውቅ ነበር አልኩ። አያውቅም ብል ለሁላችንም በቀለለን ነበር።

ከአያ ሞላ ማሳ ሁለት ቅምቡላ ወጣ፤ ከእኛም ተጨማሪ አንድ። ሦስቱም ከችካሉ ውስጥ ነበሩ። ከአያ ሞላ አንዱ እሱ ከቆመበት ትልም ሁለት ክንድ አይርቅም ነበር። ሰዎቹ ራቅ አድርገው ሲያፈነዷቸው አባባ በእያንዳንዱ ድምፅ ክራንቻቸውን ጨበጥ ያደርጉ ነበር። ማታውን አያ ሞላ ከማሳው የነቀለውን ችካል ሁሉ አምጥቶ ደጃችን ላይ ደረደረው። ገነት ከምንጭ ስንገናኝ ጄሪካኗን ሳትሞላ ተሸክማ ትመለሳለች።

አባባ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ አይናገሩም። ውሃ ሲፈልጉ እናታችንን ይጠራሉ። ምግብ ሳቀርብላቸው እጄን እንጂ ፊቴን አያዩም። የንስሐ አባታችን ሊጠይቋቸው የመጡ ለት «ሁለት ልጆች ወለድኩ፤ አንዱ እግሬን፣ አንዷ ስሜን ወሰዱ» ሲሏቸው እናታችን ሰምተዋል። እኔ እንድሰማው አልፈለጉም ነበር፤ ግን እናታችንን ሲያለቅሱ አግኝቼ ጠየቅኳቸው። ሁለት ሰው ከሞት አወጣሽ ያለኝ የለም። እንዲሉኝም አልጠብቅም፤ ሃያ ሁለት ቀን ዝም ያልኩ ነኝና።

ማሽኑን ላኪልኝ ብለህ ነበር። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሲሳይ ይሰጥሃል። እናታችን እቤታቸው እንዲያድር አልፈለጉም።

አንድ ነገር ልለምንህ። ለእኔ ይቅርታ አታብዛ፤ በስልክም አባባን አታባብላቸው። ና። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በሰው ፊት ቁምና «ብረቱን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ፤ የቸኮልኩት ለወርቅ ነው፤ አባቴ የዋሹት ለኔ ብለው ነው» በል። አያ ሞላ ይቅር ይልሃል ብዬ ቃል አልገባልህም። አባባ ግን ውሸቱን ብቻቸውን ተሸክመው በአንድ እግር ሊቆሙ አይችሉም።

እናታችን በደብዳቤው ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቁኝም፤ ብቻ ሰላም በይልኝ፣ ደረቱን ብርድ እንዳይመታው ሸፈን ያድርግ ብለዋል። እትዬ የሺ ሰላም ብላሃለች፤ ከእሷ መደብ ምንም አልተገኘም፣ ድንቿም በቅሏል። ዳልቻ አጣማጅ የለውምና ዘንድሮ ማሳችንን የሚያርስልን አልተገኘም። ከአያ ሞላ ቤት የተላከ ሰላምታ የለም። አባባ በእናታችን በኩል «እግሬ እየዳነ ነው፤ መንገዱም ክረምቱም ክፉ ነውና አይምጣ በዪው» ብለዋል። የአባት ቃል ነውና ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌልሃለሁ። እኔ ግን ና እልሃለሁ።

እህትህ ዓይናለም ገብረ ማርያም

ፋርጣ፣ ጉና ሥር
ሐምሌ ፲፬ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.