ሦስት ሰከንድ

ጥቅምት 4
የመሬት ንዝረት መለኪያው ላይ ወረቀት ቀየርኩ። ቀለም ሞላሁ። ምድር ቤቱ አሁንም ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ መርፌው ዘለለ... ትንሽ ነው፣ ሻዬ እንኳ አልተነቃነቀም። በመጀመሪያው ምትና በሁለተኛው መሃል ሦስት ሰከንድ። ከመስከረም ወዲህ አሥራ አንደኛው። ሁሉም ሦስት ሦስት። መዝገቡ ላይ «የመሬት መንቀጥቀጥ» ብዬ ጻፍኩ።

ጥቅምት 9
አለቃ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የተዘጋጀ ደብዳቤ፣ ግርጌው ላይ የእኔ ስም። «የሚሰማው ንዝረት በሙሉ ከድንጋይ ካባው ፍንዳታ የመጣ ነው» ይላል።
«ፈርሚ።»
«ለማን ነው?»
«ለትምህርት ቤቱ ኮንትራክተር። ሦስተኛ ፎቅ ሊጨምር ነው።»
ለሁለት ፎቅ በተሠራ ምሰሶ ላይ። ይህ ደብዳቤ ካለው ምሰሶውን ማጠናከር ቀረለት ማለት ነው። እህቴ እዚያ ታስተምራለች። አርባ ሁለት ልጆች አሏት።
አልፈርምም አልኩ።
«ሃያ ዓመት ምድር ቤት ተቀምጠሽ አይጥ ሆነሻል» አለኝ።
አይጥ ደግሞ ከሰው ቀድማ ነው የምትሰማው። አላልኩትም። አሁን ነው የመጣልኝ።

ጥቅምት 10
እህቴ ጋ አመሸሁ። ፈተና እያረመች፣ «እትዬ፣ በምን ታውቂያለሽ ግን?»
ሁለት ሞገድ ነው አልኳት። ፈጣኑ ይገፋል፣ ቀርፋፋው ያወዛውዛል። አብረው ይነሳሉ፣ ተለያይተው ይደርሳሉ። ከሩቅ በመጡ ቁጥር ክፍተታቸው ይሰፋል። በመሃላቸው ያለውን ሰከንድ በስምንት ብታበዢው ኪሎ ሜትሩን በግምት ይሰጥሻል።
«ይሄማ ለልጆቼም አይከብድ።»
ሌላም አለ አልኳት። ፈንጂ ዙሪያውን ወደ ውጭ ስለሚገፋ መርፌውን መጀመሪያ ወደ ላይ ነው የሚልከው። የእኔዎቹ አሥራ አንዱም ወደ ታች ነው የጀመሩት። በዚህ የሚከራከረኝ የለም።
ስናገር ትንሽ ኮራሁ።

ጥቅምት 14
ሁሉንም በጽሑፍ አስገባሁ። ርቀቱንም፣ የመርፌውንም አቅጣጫ። አለቃ አንዴ አነበበው፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። ሲያጥፈው ጊዜ ወሰደበት።

ጥቅምት 17
ካባው ድረስ ሄድኩ። አንድ እውነተኛ ፍንዳታ ወረቀቴ ላይ ይኑር ብዬ። አፈንጂው ሽማግሌ ነው፣ ጆሮው ግማሹ ስለሄደ ሰዉ ጋሽ ድምድም ይለዋል።
«ጋሼ፣ ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚያፈነዱት?»
«ጩኺ ልጄ። እኔ የምሰማው ድማሚት ብቻ ነው።»
ጮህኩ። ልክ ስድስት ሰዓት፣ ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ። ያፈነዳውን ሁሉ ደብተር ላይ ይጽፋል፣ ሰዓቱን ከነደቂቃው። እንደኔው ነው።

ጥቅምት 18
ስድስት ሰዓት። ፈነዳ። መርፌው ወደ ታች ሄደ።
ወደ ታች...

ጥቅምት 19
ሽፋኑን ፈታሁ። ቀዩ ሽቦ በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩ በቀዩ። ሐምሌ ላይ ውሃ ሲገባ ነቅዬ ያደረቅሁት እኔ፣ መልሼ የገጠምኩትም እኔ። ከዚያ ወዲህ ላዩ ታች፣ ታቹ ላይ ሆኖ ኖሯል። «ወደ ታች» ያልኩት ሁሉ ወደ ላይ ነበር። መንቀጥቀጥም ወደ ላይ ሊጀምር ይችላል፣ ግን ከእንግዲህ በአቅጣጫ መከራከር አልችልም።
ሽቦውን አዙሮ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም።
ሦስቱ ሰከንድስ? ሽቦ ሰከንድ አይገለብጥም። ካባው ስምንት ኪሎ ሜትር ነው፣ የትናንቱ ፍንዳታ ክፍተት አንድ ሰከንድ። የእኔዎቹ ሦስት። ሃያ አራት ኪሎ ሜትር። እዚያ ርቀት ላይ የሚያፈነዳ ሰው የለም።

ጥቅምት 21
ጻፍኩ። «ሽቦው የተገለበጠው በእኔ ስህተት ነው። ስለ አቅጣጫ የጻፍኩት ይሰረዝ። ስለ ርቀት የጻፍኩት እንዳለ ይቆያል።» አንዱን ለአለቃ፣ አንዱን ለወላጆች ኮሚቴ።
አለቃ ሳቀ። «ሁለት ሽቦ መለየት ያቃታት ሴትዮ።»
«ያቃታትም ያገኘችውም አንድ ናት።»
«ከነገ ጀምሮ መጋዘን ትገቢያለሽ።»
«መሳሪያውን ለማን ላስረክብ?»
«ቆልፊው።»
ቁልፉን ሰጠሁት። ፊርማዬን አልሰጠሁትም።

ጥቅምት 27
የወላጆች ስብሰባ። ኮንትራክተሩ፣ «ተሳስቻለሁ ብላ በገዛ እጇ ጽፋለች» አለ።
ተነሳሁ። አዎ፣ ጽፌአለሁ አልኩ። የቱ ላይ እንደተሳሳትኩ፣ የቱ ላይ እንዳልተሳሳትኩ ነገርኳቸው።  
ጋሽ ድምድምን ጠርቼው ነበር። ዘግይቶ መጣ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ። «አንብቢላቸው፣ መነጽሬን ረስቻለሁ።» የእኔን ቀንና ሰዓት ከእሱ ጋር አስተያየን። ከአሥራ አንዱ አንድም አልገጠመ። ሁለቱ እንዲያውም እሁድ ናቸው።
«እሁድ ቤቴ ነኝ» አለ። «ሚስቴን ጠይቋት፣ ስንጣላ ነው የምንውለው።»
ሳቁ። ኮንትራክተሩ ብቻ አልሳቀም።
ምሰሶው እስኪጠናከር ሦስተኛ ፎቅ የለም ተባለ። እኔ መጋዘን ነኝ።

ኅዳር 2
እህቴ ልጆቹን እያለማመደች ነው። መሬቱ መጀመሪያ ድም ሲል መቁጠር መጀመር፣ እየቆጠሩ ዴስክ ስር መግባት። «ከሂሳብ ትምህርቴ ይልቅ ይሄን ወደዱት» ትላለች፣ ቅር ብሏት።

ኅዳር 12
የተሰበሩ ወንበሮች ላይ ቁጥር ስለጥፍ፣ ከታች መሬቱ ድም አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... መደርደሪያው ተወዛወዘ። ባልዲ ወደቀ። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ምድር ቤቱ ተቆልፏል፣ ቀለሙ ደርቋል። ይሄንን ማን መዘገበው?
ስልኬ ጠራ። እህቴ ናት። ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ፣ ሜዳ ወጥተዋል።
«ሁላችሁም ደህና?»
«ደህና ነን። ስንት አልሽ?»
«አንቺ ቅደሚ።»
«ሦስት። አንዱ ብቻ አራት አለኝ፣ እሱ ሲቆጥር ሁልጊዜ ይቸኩላል።»
የወንበሮቹን ዝርዝር ገልብጬ ጀርባው ላይ ጻፍኩ። ቀን። ሰዓት። ሦስት ሰከንድ። መዝጋቢ፦ አርባ አራት ሰው፣ ከአንዱ በቀር የተስማሙ።
ፈረምኩበት።