ለጉዞ ሰነድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦ ስለ ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ጸጥተኛ መንገድ

ለተከበሩ የጉዞ ሰነድ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ጄኔቭ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ እህት ካለዎትም ለእርሷ በተለይ። እህትዎ በየትኛውም አገር ብትኖር፣ ደኅና ሳለች ተነሥተው ሊያዩአት እንደሚችሉ ስለማውቅ ምኞቴ ከልብ ነው።

ስሜ ተናኘወርቅ ኃይለመለኮት ይባላል። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከጄኔቭ አጠገብ ቨርሷ በምትባል ከተማ እኖራለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበርሁ ፋይል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ በፈረንሳይኛ በአደራ ፖስታ ልኬልዎታለሁ። በአማርኛም በማኅበራችን መጽሔት እንዲወጣ ያደረግሁት፣ የእርስዎን ቅጽ ነገ የሚሞሉ ወገኖቼ እንዲያነቡት ነው።

ጉዳዩ የወዳጄን የሕብስት አስፋን ይመለከታል። ሕብስት ከ97ቱ ምርጫ በኋላ አገሯን ለቃ እዚህ የገባች የሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት። በግራንድ ሳኮኔ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ታጸዳለች። መንግሥት «ጊዜያዊ» የሚባል የመኖሪያ ፈቃድ ሰጥቷታል፤ ጊዜያዊነቱ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ይህ ፈቃድ ያለው ሰው ያለ ጽሕፈት ቤትዎ ሰነድ ድንበር አይሻገርም። ታናሽ እህቷ መስታወት ደግሞ በእንግሊዝ አገር፣ በአንዲት ትንሽ መንደር፣ በአረጋውያን መኖሪያ ቤት አስታማሚ ነበረች። «ነበረች» ያልሁበትን ምክንያት በየተራው አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ብስክሌቱ።

ሕብስትን በሃምሳ ዓመቷ ብስክሌት ያስተማርኋት እኔ ነኝ። የጀመርነው ፕላንፓሌ፣ የአሮጌ ዕቃ ገበያ በማይኖርበት ቀን፣ በሰፊው አደባባይ ላይ ነበር። ቀጥ ብላ መንዳት በቻለች በሳምንቱ የፊት ጎማዋ የትራም ሐዲድ ውስጥ ገብቶ ጣላት፤ ጉልበቷ ተሰፋ። ከዚያ ወዲህ ሐዲድ ስታይ ወርዳ በእጇ ትገፋለች፤ መኪና ከኋላዋ ሲመጣም ትንፋሿን ትይዛለች። ይህን በስልክ የሰማችው መስታወት እስኪበቃት ከሳቀች በኋላ፣ «አንቺ ወደዚህ ነይ! እዚህ ሐዲዱን ነቅለው ጥለውታል፤ ጎማሽ የሚገባበት የለም» አለቻት።

እውነቷን ነበር። በመንደሯ በኩል ያልፍ የነበረው ባቡር ከቆመ ቆይቷል፤ ሐዲዱ ተነሥቶ መንገዱ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ ተትቷል። መኪና አይገባበትም። ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ላሞች ይግጣሉ። መስታወት ባቡር አሁንም ከሚቆምበት ጣቢያ እስከ ቤቷ የአጥር በር ድረስ በገዛ ብስክሌቷ ለካችውና ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ሆነ። የእኛ ዕቅድ ይህ ነበር፦ ሁለት ቀን፣ ሁለት አሮጌ ብስክሌት፣ አንድም መኪና የሌለበት መንገድ፣ መጨረሻው ላይ መስታወት በሩን ከፍታ ቆማ።

ሁለተኛ፦ ስለ ቅጹ።

ማርች 9 ቀን ቅጹን እኔ ሞላሁት፤ የእጅ ጽሑፌ ከሕብስት ስለሚሻል። «የጉዞው ምክንያት» የሚል አንድ መስመር አለ። ሕብስት በዚያ መስመር ላይ፣ «እትዬ፣ ‹እህቴ ታማለች› ብለን እንጻፍ። ሰሞኑን ድምፅዋ አላማረኝም» አለችኝ። ምን እንዳመማት ጠየቅኋት። «እሷማ ጉንፋን ነው ትላለች» አለች። የሐኪም ወረቀት እንዳለ ጠየቅኋት። አልነበረም።

እኔ የተማርሁት በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ ያላየነውን ነገር እንዳየን አድርገን የጻፍንበትን ገጽ ፊታችን በምትቀድ መምህርት እጅ ነው። ስለዚህ ያልታየ በሽታ በወረቀት ላይ እንደማይሰፍር ለሕብስት ገለጽሁላትና፣ «እህቷን ለማየትና መኪና በማይገባበት ጸጥተኛ መንገድ በብስክሌት ለመጓዝ» ብዬ ጻፍሁ። ሕብስት ፈረመች።

ሦስተኛ፦ ስለ መልስዎ።

ኤፕሪል 20 ቀን የደረሰንን መልስ ለጥንቃቄው አመሰግናለሁ። ጤነኛ እህትን ማየት ከተፈቀዱት ምክንያቶች ዝርዝር ውስጥ እንደሌለ፣ ብስክሌት መንዳትም እንደሌለ ገልጸውልናል። በዚህም ሳይወሰኑ፣ «በስዊዘርላንድ ጸጥተኛና ከመኪና ነጻ የሆኑ የብስክሌት መንገዶች በበቂ ሁኔታ ይገኛሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨምረው የመንገዶቹን ዝርዝር የያዘ ወረቀት አያይዘውልናል። እህት አብራ አልተያያዘችም።

ዝርዝርዎን ደጋግሜ አነበብሁት። የቅርብ ዘመድ በጽኑ ቢታመም ይፈቀዳል። የቅርብ ዘመድ ቢሞት ይፈቀዳል። ክቡር ሆይ፣ አንዲት ሴት እህቷን ለማየት ከፈለገች እህቲቱ መጀመሪያ መውደቅ እንዳለባት ከዚህ ይበልጥ በግልጽ ቋንቋ የተጻፈ ነገር አላጋጠመኝም።

አራተኛ፦ መስታወት የእናንተን ምክንያት ስላሟላችበት ሁኔታ።

ሜይ 12 ቀን የመስታወት የሥራ ባልደረባ የሆነችው ፌኔት ስልክ ደወለች፤ ወደ ሕብስት ሳይሆን ወደ እኔ። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በታላቅ ሰው በኩል ስለሚሄድ ነው። መስታወት ከገና ጀምሮ ካንሰር እንዳለባት ታውቅ ነበር። በባዕድ አገር ያለች እህት በከንቱ እንዳትጨነቅ ብላ ደበቀች። «እኔ ልምጣ እንዳልል ከሥራዬ የዕረፍት ፈቃድ ከልክለውኛል» ትላት የነበረውም ለዚሁ ነው። ጉንፋን የተባለው ሳንባዋ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የሐኪሙን ደብዳቤ ይዘን በመስኮትዎ ፊት ቆምን። መልሱ ሁለት ሳምንት አልፎ መጣ። አንደኛ፣ አመልካቿ በማርች ብስክሌት ብላ በሜይ በሽታ ስላለች፣ የምክንያቱን መለዋወጥ በጽሑፍ እንድታስረዳ። ሁለተኛ፣ ፋይሉ ወደ ዙሪክ ቅርንጫፍ ስለተላለፈ፣ እንግሊዝኛው የሐኪም ደብዳቤ በመሐላ ተርጓሚ ወደ ጀርመንኛ ተመልሶ እንዲቀርብ። የዓለም ድርጅቶች ሁሉ በእንግሊዝኛ በሚሰበሰቡባት ከተማ ይህን የሐኪም ገጽ ማንበብ የሚችል ሰው መጥፋቱ የጽሕፈት ቤትዎን ሸክም አሳይቶኛል።

በማግስቱ በባቡር ዙሪክ ወረድሁ። አቶ መልአኩ የተባሉ ተርጓሚ ሌላ ሥራቸውን አቁመው በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሰው ማኅተም አደረጉበት። ጀርመንኛው፣ ሐኪሙ ስለ ቀሪ ዕድሜዋ የጻፈውን «ጥቂት ሳምንታት» የሚለውን ቃል በትክክል እንደያዘ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው። ይዟል አሉኝ። የዚያኑ ዕለት ለቅርንጫፉ በእጄ አስረከብሁ። ጁን 2 ቀን ነበር።

አምስተኛ፦ ስለ ፍጥነትዎ።

መስታወት ጁን 19 ቀን፣ ዓርብ፣ አረፈች። እሑድ ማለዳ አምስት ሆነን ሕብስት በር ላይ ቆምን፤ እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከፊት ነበርሁ። በሩን ከፈተች። አምስታችንንም አየችን፤ ነጠላዬን ግን ዓይኗ አላየውም። «እትዬ፣ ሰነዱ መጣ?» አለች።

«አልመጣም» አልኋት። በዚያ ሰዓት ከአፌ ሊወጣ የቻለው እውነት እርሱ ብቻ ነበር።

ሰነዱ የመጣው ጁን 30 ቀን፣ መስታወት ከተቀበረች ከአምስት ቀን በኋላ ነው። ያማረ ሰነድ ነው፤ ስሟ እንኳ አልተሳሳተም። «የታመመች እህት ለመጠየቅ፤ ለሠላሳ ቀን» ይላል። ለመቃብሩ ይጠቅም እንደሆነ በመስኮቱ ጠየቅን። ወጣቷ ሠራተኛ በትሕትና፣ የተፈቀደለት ምክንያት ስለቀረ ሰነዱ እንዲመለስ፣ የሞት ምክንያትም ለቀብር ሥነ ሥርዓት ብቻ እንደሆነና ቀብሩ ስላለፈ እንደማይሠራ ነገረችን። ስትናገር ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሣችም። አልፈረድሁባትም፤ እኔም ለሠላሳ ዓመት እንደዚያው ነበርሁ።

ስድስተኛው በእርስዎ ላይ የቀረበ አይደለም።

በማርች «ታማለች» ብዬ ብጽፍ ኖሮ በሜይ የተለወጠ ምክንያት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር፤ ሁለቱ ሳምንታት ይተርፉ ነበር። ሕብስት ከድምፅ ያወቀችውን እኔ ወረቀት አምጪ አልኋት። እርስዎም ወረቀት አምጪ አሏት። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እርስዎና እኔ ተዋውቀን ባናውቅም ለረጅም ጊዜ አብረን የሠራን ሰዎች ነን። ሕብስት እስከ ዛሬ በአንዲት ቃል እንኳ አልወቀሰችኝም፤ እርስዎንም እንዲሁ። እኔ ግን የሁለታችንንም ስም በአንድ ገጽ ላይ ማስፈር ተገቢ መስሎ ስለታየኝ ይህን ጽፌያለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። በዝርዝርዎ ላይ፣ ከበሽታና ከሞት በላይ፣ «ዘመድን በጤናው ለማየት» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ለሕብስት አይደርስም። ከእርሷ በኋላ በመስኮቱ ፊት የተሰለፉ ግን ብዙ ናቸው፤ ባለፈው ማክሰኞ ቆጥሬአቸው አርባ ሁለት ነበሩ።

ለመልካም አያያዝዎ፣ ለማኅተምዎ ጥራትና ለፋይልዎ ሙሉነት ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽሁ፣ ወረቀትን ከሰው አስቀድማ ያመነች አሮጊት የሥራ ባልደረባዎ ነኝ።

ተናኘወርቅ ኃይለመለኮት
ቨርሷ፣ ኦገስት 2015

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በኤፕሪሉ ደብዳቤዎ ያያያዙልንን የመንገዶች ዝርዝር አልጣልነውም። ባለፈው እሑድ ከዝርዝሩ ሦስተኛውን መርጠን ሄድን። ሕብስት ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ነዳን። የብስክሌቷ ርቀት መቁጠሪያ ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ሲል ቆመች። ወርዳ ብስክሌቷን አንድ የማናውቀው ሰው የአጥር በር ላይ አስደገፈች፤ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ እህቷን በስሟ እየጠራች አለቀሰች። ረጅም ሰዓት ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም መኪና አላለፈም። መንገዱ እንዳሉት ነው፤ በጣም ጸጥ ያለ ነው።