ስለ መኪናዬ መወጣጫ፣ ለክቡር የካሳ ክፍል ኃላፊ

ለክቡር የመድን ድርጅቱ የካሳ ክፍል ኃላፊ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እናትዎስ ደህና ናቸው? ጉልበትዎን አምላክ ይጠብቅልዎ፤ የቢሮዎ አሳንሰር ከተበላሸ ወዲህ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ስድስት ጊዜ ስለወጣሁ የጉልበትን ዋጋ አውቃለሁ። እኔ፣ ደንበኛዎ በያጁ፣ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነችው መኪናዬ ናት።

ዝናብ ባረጠበው ቁልቁለት ውሻ አድናለሁ ብዬ ከመብራት ምሰሶ ጋር መጋጨቴን ያውቃሉ። ውሻው ተርፏል። እርስዎም «የተሽከርካሪው የውስጥ አካል ያለ ድርጅቱ ዕውቅና ስለተለወጠ ካሳ አይከፈልም» የሚል፣ ማኅተሙ እጅግ ያማረ ደብዳቤ ስለላኩልኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ያልገቡኝን ጥቂት ነገሮች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ተለወጠ የተባለው የኋላ ወንበሩን ነቅዬ ለልጄ ዊልቸር የበየድኩት መወጣጫ ነው። የተጨፈለቀው ግን የመኪናዋ ፊት ነው። ከመኪናዬ ጭረት ያላገኘው ብቸኛው ነገር ያ መወጣጫ ሆኖ ሳለ ጥፋተኛ የተባለውም እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ «ያለ ዕውቅና» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። መርማሪዎ ውሉ በታደሰ ቁጥር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ መኪናዬን አይቷል፤ አንዴ እንዲያውም ዝናብ ቢይዘው እመወጣጫው ላይ ተቀምጦ ነው ቅጹን የሞላው። ይህንን የት እናስመዝግበው ብዬ ብጠይቀው፣ ቅጹ ለመወጣጫ ቦታ የለውም ብሎ «መቀመጫ፦ የተሟላ» ሲል ጻፈ፤ እኔም አምኜው ፈረምኩ። ጥፋቴ ይህ ነው፤ አልክድም። ከአደጋው በኋላ ግን መወጣጫው ድንገት ታያችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ ያዳንኩትን ውሻ ማለቴ አይደለም።

ሦስተኛ፣ መኪናዋን ወደ ቀድሞ ይዞታዋ መልሼ እንዳመለክት መክረውኛል። በደስታ! ልጄን ወደ ቀድሞ ይዞታዋ የምመልስበትን መንገድ በዚያው ደብዳቤ ቢጠቁሙኝ ደግሞ ምክሩ የተሟላ ይሆን ነበር። ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እግሮቿ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አይታዘዙላትም። አምስት ሳምንት ሆነን፣ ጠዋት ጠዋት ዊልቸሯን ጎረቤት እየያዘልን እሷን በጀርባዬ አዝዬ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ጓደኞቿ ስትታዘል እንዳያዩዋት ከሁሉም ቀድመን፣ በሩ ሳይከፈት ነው የምንደርሰው። ከባለፈው ሳምንት ወዲህ ደግሞ ራሴን ያመኛል እያለች መቅረት ጀምራለች። ራሷን እንደማያማት አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ታውቃለች። ክቡር ሆይ፣ ይህን ለመጻፍ ጨዋ ቃል ፈልጌ አጥቻለሁ፤ አንጀቴ አርሯል።

አራተኛም ነበረኝ፤ ግን ስድስቴ ደረጃዎን ስወጣ ስብሰባ ላይ ነበሩና እዚህም እንዳላደክምዎ ትቼዋለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ ላሚቱ ቢሮና ማኅተም እንዳላት ስላሳዩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

በየዓመቱ ሳያጓድል የከፈለ፣ በየዓመቱም በሰው ቃል አምኖ የፈረመ፣

አክባሪዎ በያጁ

ማሳሰቢያ፦ መርማሪዎ አምና መወጣጫዬን ለክቶ «ለአለቃዬ እናት» ብሎ ያሠራኝ፣ በእርስዎ መኪና ውስጥ ያለው መወጣጫ ብሎኖቹ የሚጠብቁበት ጊዜ ደርሷል። ይዘውት ይምጡ፤ ለእናት አላስከፍልም። ብቻ ቁልቁለት ላይ ቀስ ብለው ይንዱ፤ መርማሪዎ እንደነገረኝ የእርስዎም ቅጽ «መቀመጫ፦ የተሟላ» ነው የሚለው።