ለእናትህ በሁዳዴ የላክሁት የፍስክ ብልቃጥ

ይድረስ ለደጀኔ፣ ለኔው ግትር፣

ለጤናህ እንደምን ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ እሱን ጥያቄ ትተነዋል። ከተለያየን ስምንት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። እኔ አለሁ። ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ሶፋው ላይ ያንተ ቦታ እንደጎደጎደ ነው፤ እንግዳ መጥቶ እንዳይቀመጥበት ትራስ እደረድርበታለሁ። የሕንፃው ሊፍት አሁንም በሳምንት ሁለቴ ይበላሻል፤ አንተ ስለሌለህ ማናጀሩን የሚጨቀጭቅ ሰው ጠፍቷል።

ይህን የምጽፍልህ ልናዘዝልህ ብዬ ነው። እናትህን ዋሽቻታለሁ። አንድ ቀን ሁለት ቀን አይደለም፣ ስምንት ወር ሙሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሥራ ስትመለስ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ልብህ ቆሞ የወደቅክ ቀን መጀመሪያ የደወልኩት ባሕር ዳር፣ ለወንድምህ ለአስናቀ ነበር። ኡኡታውን ሲጨርስ ያለኝ ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትዪ ነው። የዓይን ሞራዋን ከተገፈፈች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር፤ ካለቀሰች ዓይኗ ይጠፋል አለኝ። እውነቱን ነው አልኩ። መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው፤ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ባለበት። እስኪሻላት ብለን ተስማማን። ዓይኗ ዳነ፤ አስናቀ መስቀል ይለፍ አለ። መስቀል አለፈ፤ ገና ይለፍ አለ። ገና ሲያልፍ ሁዳዴ ደረሰ፤ ጾሟን በሰላም ትጨርስ፣ ከፋሲካ በኋላ አለኝ። የወንድምህ በዓል መቼም አያልቅም።

እኔ ግን እዚህ በሰው አገር፣ ዌስተን ሰፈር ታስሬ ቀረሁ። እሑድ ጠዋት ጠዋት እማዬ ቪዲዮ ኮል ታደርጋለች። ስልኩ ሲጮህ ጥቁሬን አውልቄ ቀይ ሹራብ እለብሳለሁ፣ ፎቶህን ከነሻማው ከጠረጴዛው ላይ አነሣለሁ፣ ፊቴን በውኃ እነካካለሁ። ደጀኔስ? ሥራ ነው። ሺፍት ቀየሩበት። ስልኩ ወድቆ ተሰበረ። ኮርስ ተልኮ ሌላ ከተማ ነው። ውሸት ሲያልቅብኝ በኔትወርኩ አመካኛለሁ። ከዚያ ጥቁሬን መልሼ እለብሳለሁ። አርባህን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስናወጣ አንዷ ፎቶ ፖስት ብታደርግ፣ ዲሊት አድርጊ ብዬ በሰው ፊት ጮህኩባት፤ እስካሁን ሰላም አትለኝም። ብሉር ጎዳና ላይ የባሕር ዳር ሰው ሳይ መንገድ እሻገራለሁ። ሐዘንተኛ ነኝ ወይስ ሌባ? አንዳንዴ ግራ ይገባኛል።

እማዬ አለህ ብላ እንድታምን ያደረጓት ብልቃጦችህ ናቸው።

ሲኞር ቪቶ ጋ የተቀጠርክ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ሽማግሌው ጣልያን ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ማርማላታ ያበስላል፣ ሃዘልነት የሚባለውን ለውዝ መሳይ ፍሬ ቆልቶ ከካካዎ ጋር እየፈጨ ያን ዳቦ ላይ የሚቀባ ጣፋጭ ይሠራል። በመጀመሪያው ቀን ከሲሲሊ የመጣ ሣጥን ከፍቶ አንድ ወፍራም ቢጫ ፍሬ አወጣና ይህን መቼም አታውቀውም አለህ። አንተ ደግሞ ትርንጎ ነው፣ እናቴ ጓሮ አለ ብለህ ቢላዋውን ተቀበልክና ነጩን ሥጋ ቆርጠህ በላህ። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ደንበኛው ሁሉ ነጩ የሚጣል ይመስለዋል። በሳምንቱ ልጣጩን በስኳር ማብሰሉን ላንተ ለቀቀልህ። እኔ ግን በአካውንቲንግ የተመረቀ ሰው ልጣጭ ሲልጥ ይዋል ወይ ብዬ ስንት ቀን ተነጫነጭኩብህ! ይቅር በለኝ። ካንተ ጋር ስትጣላ የማትውል ሚስት ነበረችህ ብዬ ማንንም አላታልልም።

የእናትህን ግን ለብቻ ነበር የምትሠራው። የሱቁ የሃዘልነት ቅቤ ወተት አለበት፤ እማዬ ደግሞ እንኳን ሁዳዴን ረቡዕና ዓርብንም አትገድፍም። ሥራ ሲያልቅ መፍጫውን በፈላ ውኃ ሦስት ጊዜ ታጥባለህ፣ ፍስክ ነክቶታል እያልክ። ሲኞር ቪቶ ማሽኑ ንጹሕ ነው ብሎ በእመቤታችን ይምላል፤ አንተ የምትሰማ ሰው ነህ? ያለ ወተት በዘይት ብቻ ፈጭተህ በጥቁር ክዳን ትዘጋዋለህ። የፍስኩ በወርቃማ ነው። ክዳኑ ላይ «ለእማዬ» ብለህ ትጽፍና መንገደኛ በተገኘ ቁጥር ከትርንጎ ማርማላታ ጋር ትልክላታለህ። ሰውዬውም ኋላ ገብቶት የጾሙን መደርደሪያው ላይ አወጣው፤ የኛ ሰዎች ያልቁበት ነበር።

አንተ ካለፍክ በኋላ የቀሩትን ጥቁር ክዳኖች አንድ አንድ እያልኩ ላክሁላት። «ለእማዬ» የሚለውን እጅ ጽሑፍህን አስመስዬ እጽፈዋለሁ። በሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት አንዲት ሴትዮ በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር እንደምትሄድ ሰማሁ። ሮጬ ሱቁ ደረስኩ፣ ጥቁር ክዳን አየሁ፣ አነሣሁ፣ ጽፌ ሰጠኋት። ወርቃማው ክዳን አልቆባቸው አዲሱ ሠራተኛ የፍስኩንም በጥቁር መዝጋት እንደ ጀመረ ማን ይንገረኝ? ጀርባውን ገልብጬ አላነበብኩም። አሥር ዓመት ካንተ ጋር ኖሬ!

ማክሰኞ ለት ወደ ሥራ ልወጣ በር ላይ እንደቆምኩ ስልኩ ጮኸ። ቀኑ እሑድ ስላልሆነ ሳላስበው አነሣሁት፣ ጥቁሬን እንደለበስኩ። እማዬ ብልቃጡን ይዛዋለች። በማንኪያ ብትቀምሰው ወተት ወተት አላት፤ አስተማሪ የሆነችውን ጎረቤቷን ጠርታ የጀርባውን ጽሑፍ አስነበበቻት፣ እውነትም ወተት ይላል። ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየችው። አልተቆጣችም።

«ልጄ በሁዳዴ ወተት አይልክልኝም። ልጄ አለ ወይ?»

አይሰማም፣ አይሰማም ብዬ ዘጋሁባት።

ለአስናቀ ደወልኩ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት በያት፣ ለጥቁሩም የጓደኛዬ ሐዘን ነው በያት፣ ፋሲካ እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ ቦታ የምንጦራቸውን አዛውንቶች ሳለብስና ሳበላ የሷ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ነበር። ብነግራት ወጉን ጥሼ አሮጊት እናትህን በስልክ ልገድላት ነው። ብዋሻት ደግሞ እያወቀች ላታልላት ነው። ወዲህም ዝግ ወዲያም ዝግ። በሰው አገር ብቻዬን ምን ልሁን ብዬ አንተን ራሱ ረገምኩህ፤ ጥለኸኝ ሄደህ።

ዓርብ ጠዋት ደወልኩላት። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ማን አለ ብዬ ጠየቅኋት። እኅቷ፣ የንስሐ አባቷ፣ ጎረቤቶቿ፣ ሁሉም እዚያው ነበሩ። ከማክሰኞ ጀምሮ ሰው ጠርታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እኔን ስትጠብቅ ነበር። መርዶዋን ራሷ አሰናድታ ጠበቀችኝ። ነገርኋት።

ጮኸች። እኔም ጮህኩ፣ ጎረቤት በሩን እስኪደበድብ ድረስ። አስናቀ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሣም፤ አንድ ቀን ያነሣል።

ድምፅዋ ሲመለስ ማን ገነዘው አለችኝ። እኔና ሁለት ዲያቆናት ነን፣ እጄ ነክቶታል አልኳት። ተመስገን፣ በባዕድ እጅ ብቻ አልሄደም አለች። ከዚያ፣

«አንቺስ ልጄ? አንቺን ማን ያዘሽ?» አለችኝ።

ደጀኔ፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያገኘኝ ሰው የሚጠይቀኝ እናቱ ሰማች ወይ ብሎ ነበር። አንቺስ ያለኝ አልነበረም። ስልኩን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አልዘጋችውም፤ እስክረጋ ድረስ አብራኝ ቆየች።

ሙት ዓመትህን እናትህ ቤት እናወጣለን። እረፍት ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። እሑድ እሑድ አሁን የምናወራው ስላንተ ነው፤ እሷ ሕፃንነትህን ትነግረኛለች፣ እኔ እዚህ የኖርከውን እነግራታለሁ፤ አንዳንዴ እንስቃለን፣ አንዳንዴ አንችልም። በሕይወት እስካለሁ ስምህን እጠራለሁ። ከእንግዲህ ግን የምጠራህ ለብቻዬ አይደለም።

ያንተው ነጭናጫ