ሳይበላ የተቀበረው ድብ

ውድ ሎይዜ፣

ጉልበትህ እንዴት ነው? የባሕሩ አየር ተስማማህ? ይህን ደብዳቤ ስጀምር ዛሬ አራተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ስለ በረዶና ስለ ማገዶ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው ላይ ሳላስበው አንተን መውቀስ ጀመርኩና ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ሦስተኛው ምን እንደሆነ አልነግርህም። እንደምታውቀው ከስምንተኛ ክፍል አልዘለልኩም፤ እጄ መጋዝ እንጂ ብዕር አለመደም። ሐሳቤ ወዲያና ወዲህ ቢልብህ ታገሠኝ፣ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ያለፈው እሑድ በአዳኞች ማኅበራችን ጉባኤ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ተናግሬአለሁ። ወሬው ከሌላ ሰው አፍ ሳይደርስህ ከእኔ እጅ እንዲደርስህ ነው የቸኮልኩት። ግን ከመነሻው ካልጀመርኩ አይገባህም።

ትልቁን ድብ የጣልክበትን ቀን ታስታውሳለህ፤ አብሬህ ነበርኩ። መጋቢት ነበር፣ በረዶው ከዛፎቹ ሥር ገና አልለቀቀም። ድቡ ሁለት እርምጃ ሄዶ በግንባሩ ተደፋ። አንተ ጠመንጃህን ዛፍ አስደግፈህ የጥድ ቀንበጥ ሰበርክና፣ እንደ ወጋችን፣ የመጨረሻ ጉርሻው ትሁነው ብለህ በአፉ አኖርክለት። ሌላዋን ቀንበጥ እኔ ቁስሉን አስነክቼ ሰጠሁህ፣ ባርኔጣህ ላይ ሰካሃት። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም የምናደርገው ነው። አንተ ግን ከዚያ ባርኔጣህን አውልቀህ ቆምክ። ቆምክ፣ ቆምክ። እግሬ ደነዘዘ።

«በል እንጂ ሎይዜ፣ ፍትሐት ልታደርስለት ነው እንዴ?» አልኩህ።

«ሥጋውን ለማኅበሩ ውሰዱት» አልከኝ። «እኔ አልበላም። ራሱንና ቆዳውን ግን ለማንም አልሰጥም።»

ሌላ ቃል አልጨመርክም። እኔም አልጠየቅሁህም፤ የራሴን ትርጉም ሰጠሁት። በደንባችን ሥጋው የማኅበሩ፣ ቆዳውና የራስ ቅሉ የተኳሹ ነው፤ ስለዚህ ያደረግኸው ሁሉ መብትህ ነበር። ግን ቆዳውን ሞልቶ፣ በሕይወት እንዳለ አድርጎ ወደሚያቆመው ባለሙያ ስትወስደው ሳይ፣ በልቤ «ይኸውና፣ ሎይዜም እንደ ውጭ አገር እንግዶቹ ለግዳይ የሚያድን ሆነ» አልኩ። ለግድግዳ ብለው የሚገድሉትን ምን ያህል እንደምጠላ ታውቃለህ። በሳምንቱ ጉባኤ ላይ ተነሥቼ ስምህን ሳልጠራ ሁሉም በሚያውቀው መንገድ ጠራሁህ።

«ጌታ እንስሳን ለማዕድ ነው የሰጠን፣ ግድግዳ እንድናለብስበት አይደለም። ሥጋ የሚፈልግ አዳኝ ነው። ቆዳ የሚፈልግ ገዳይ ነው።»

ጭብጨባው ሲሞቅ አንዱ ከኋላ ጮኸ፦ «ሎይዜ፣ ድቡን አጠገብህ ልታስተኛው ነው? ሚስት ብታገባ አይረክስልህም ነበር?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ፤ ይህን ማንም ባያስታውስ እኔ አስታውሰዋለሁ። አንተ ተነሣህ፣ ካፖርትህን ለበስክ፣ ወጣህ። በሩን እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ አድርገህ ነው የዘጋኸው። ብትወረውረው ኖሮ ይሻለኝ ነበር። በሰኔ ቤትህን ሸጠህ ወደ ባሕሩ ዳር ከተማ፣ ወደ ኮፐር ወረድክ። አንተ፣ ባሕር ማየት የሚያዞርህ ሰው!

እህትህ ሬዚካ ያን ሰሞን ሾርባዬን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና ወደ ጓዳ ትመለሳለች። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በአራተኛው «ወንድሜን ከአገሩ አስወጣኸው» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ጉዳዩን አላነሣችውም። ሆስፒታል እስክትገባ ድረስ።

በጥቅምት መጀመሪያ ነው፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ። ቀጥናለች፤ የእጇ ቀለበት ወልቆ ኮሞዲኖው ላይ ተቀምጧል። ስለ ጎመኑ ጠየቀችኝ፣ ስለ ጎረቤት ጠየቀችኝ። ከዚያ ድንገት፦

«የርኔይ፣ ሎይዜ ያንን ድብ ለምን እንዳልበላው ጠይቀኸው ታውቃለህ?»

«ምን ይጠየቃል? ለግዳዩ ነዋ» አልኳት።

«አልጠየቅኸውም ማለት ነው» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት ያውቀው ነበር። ገና ከእናቱ ሲለይ ጀምሮ። በየፀደዩ ያንኑ ቦታ ወጥቶ ያየዋል። በመጨረሻ ድቡ እግሩን ሲያነክስ፣ ከስቶ ቀፎ ሊሰብር መንደር ለመንደር ሲዞር፣ ሌላ ሰው አቁስሎት ከሚሄድ እኔ ልግደለው አለ። ማታውን እዚያ የኛ ወጥ ቤት ተቀምጦ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ሬዚ፣ ፊቱን የማውቀውን እንዴት አኝከዋለሁ?›»

እጄን ያዘችና «ይቅርታ ትጠይቀዋለህ?» አለችኝ። እጠይቀዋለሁ አልኳት። ለምትሞት ሚስቴ የገባሁት ቃል ነው፣ ሎይዜ፣ ስድስት ዓመት ያለፈው።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ የእኔ ተራ ደርሶ ነበርና ድብ ጣልኩ። መካከለኛ ወንድ፣ ዘጠና ኪሎ ገደማ ሥጋ የሚወጣው። ፖልዴ፣ ሊቀመንበራችን፣ ትከሻዬን መትቶ «ይኸው፣ የሥጋው ጠበቃ ሥጋ አመጣ!» አለ። ወጥ ሠሪያችን ሽቴፍካ ለማኅበሩ ግብዣ የጎላሽ ወጥ ልትሠራ ድስቷን አወጣች። ሥጋውን ማቀዝቀዣ ክፍል ሰቀልነው። የድብ ሥጋ የእንስሳት ሐኪሙ ትል መርምሮ «ንጹሕ ነው» ካላለ በአፍ እንደማይዞር መቼም አልነግርህም። ናሙናውን ቆርጬ በላስቲክ ጠቅልዬ ካፖርቴ ኪስ ከተትኩ፤ በማግሥቱ ላደርሰው።

ገና እጄን ሳልታጠብ ከሆስፒታል ስልክ ተደወለ።

የቀረውን ታውቀዋለህ፤ ቀብሯ ላይ ነበርክ። ከመቃብሩ ወዲያ ማዶ ቆመህ፣ እጄን ጨብጠህ፣ የሐዘኑን ምሳ ሳትቀምስ ሄድክ። የማታውቀው ይህን ነው፦ ያ ናሙና ዘጠኝ ቀን ኪሴ ውስጥ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ፖልዴ ደጄ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ ሊጠይቀኝ እየከበደው፦

«የርኔይ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ... ከሐኪሙ መልስ መጣ እንዴ? ሥጋው ግን እስካሁን ደህና ነው፣ ዛሬ አይቼዋለሁ።»

ሰማኸኝ? ሥጋው ደህና ነበር። «ረሳሁት፣ ሌላ ቁራጭ እንላክ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሚስቱን ለቀበረ ሰው ማን ይስቅበታል? ግን ያ እኔ በአንተ ላይ የተናገርኩት ንግግር ከፊቴ ቆመ። ለሥጋ ክብር ብዬ አማቼን ያዋረድኩ ሰው፣ ሥጋውን ኪሴ ውስጥ ረሳሁት ልበል? አልወጣኝም። «መልሱ መጥቷል» አልኩት። «ትል ተገኝቶበታል።»

ፖልዴ ወረቀቱን አልጠየቀኝም። ሐዘንተኛን ማን ወረቀት ይጠይቃል? በማግሥቱ አራት ሰው ሆነው ጉድጓድ ቆፍረው፣ ኖራ በትነው ቀበሩት። ንጹሕ ሥጋ፣ ሎይዜ። አንዲት ጉርሻ አልተበላለትም። ቆዳውን ግን አልፍተው አመጡልኝ። «ምስኪን የርኔይ፣ ሥጋ ወዳዱ ቆዳ ብቻ ደረሰው» ይሉ ነበር፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ።

ቆዳውን አልጋዬ ግርጌ አነጠፍኩት። ጠዋት ጠዋት ስጸልይ የምንበረከከው እሱ ላይ ነው። ውሸቴ ላይ ተንበርክኬ «በደላችንን ይቅር በለን» እያልኩ ይህን ያህል ዓመት ኖርኩ። ለቄሳችን ተናዝዣለሁ። እሳቸውም «ልጄ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ያለህን ዛሬ ጨረስን። ኮፐር ያለው ሰውስ?» አሉኝ። «እጽፍለታለሁ» አልኩ። እሱም ሁለት ዓመት አለፈው።

እሑድ የሆነው እንዲህ ነው። ዘንድሮ ለማኅበራችን የተፈቀደልን አንድ ድብ ነው። ግማሹ «ለውጭ እንግዳ እንስጠው፣ ራሱንና ቆዳውን ይዞ ይሄዳል» ይላል። ግማሹ «እኛው አድነን እንብላው» ይላል። ጠዋት የተጀመረ ክርክር እስከ ምሳ ቆየ። ሽቴፍካ በመስኮቱ ብቅ ብላ «እናንተ ቁሙና ተከራከሩ፤ ሽንኩርት የምትልጠው አንዷ ሽቴፍካ ናት!» አለችን። ፖልዴ ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። «በል የርኔይ፣ ያችን የድሮዋን ንግግርህን አንድ ጊዜ ድገምልን፣ እንጨርስ።»

ተነሣሁ። ያችን ንግግር በቃሌ አውቃታለሁ፤ አፌ ላይ መጥታ ነበር። አንተ ትቀመጥባት የነበረችውን የምድጃ ዳር አየሁና ዋጥኳት። «ንግግር የለኝም» አልኩ። «የምናዘዘው ነው ያለኝ።» ናሙናውን፣ ኪሴን፣ ጉድጓዱን፣ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ስለ አንተና ስለ ድቡም ሬዚካ የነገረችኝን ነገርኳቸው። ያለፈቃድህ ነው፤ ለዚህም ይቅርታ።

መጀመሪያ የተናገረችው ሽቴፍካ ናት።

«ደህና የነበረ ሥጋ ነው የቀበራችሁት?»

«ደህና ነበር።»

«ሰውዬ፣ እኔ እኮ ለዚያ ድብ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ልጬ ነበር!»

ጥቂቶች ሳቁ፣ ወዲያው አፈሩ። እሷ ግን እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ቆይ፣ ሐዘን ላይ ነበርክ። ረሳሁ ብትል ማን ይፈርድብህ ነበር?»

«እኔው ራሴ።»

«አንተማ መፍረድ ልማድህ ነው» አለችኝ።

ሎይዜ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ እውነት በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገረኝ የለም።

ፖልዴ ፊቱ ቀልቶ ነበር። በደንቡ መሠረት ለአንድ ዓመት ከአደን ታገድኩ፤ እጄን አውጥቼ በራሴ ላይ ድምፅ የሰጠሁት ቀድሜ እኔ ነኝ። ስለ ዘንድሮው ድብ ግን አልተወሰነም። ድምፁ እኩል ለእኩል ሆነ። ያ «ሚስት ብታገባ» ብሎ የጮኸብህ ሰው ተነሥቶ «ሎይዜ ሳይጠየቅ እኔ ለየትኛውም ወገን እጄን አላወጣም» አለ። አሁን ሽማግሌ ሆኗል። እንዲህ ሆኖ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ።

እንዳትሳሳትብኝ፤ ለስብሰባ ድምፅህን ልለምንህ አይደለም የጻፍኩት። አመለካከቴንም ለወጥኩ ብዬ አልዋሽህም። ዛሬም የተገደለ ሊበላ ይገባዋል ባይ ነኝ። ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ተኩሶ፣ የድቡን ራስ ቆርጦ የሚሄደውን ዛሬም አልወደውም። ግን ድስት ውስጥ ስለጨመርኩት ብቻ እጄ ንጹሕ ይመስለኝ ነበር። አንተ አሥራ አንድ ዓመት ያየኸውን እኔ ሥጋ ብቻ አየሁት፤ አንተንም ሠላሳ ዓመት አብሬህ እያደንኩ አላየሁህም። የሚያሳፍረኝ ይሄኛው ነው።

ስላዋረድኩህ ይቅር በለኝ። ስለሳቅሁብህ ይቅር በለኝ። እህትህ በሞት አልጋዋ ላይ ሳለች ለገባሁላት ቃል ስለዘገየሁ ደግሞ እሷ ራሷ ታውቃለች፤ ስንገናኝ የምትለኝን እሰማለሁ።

ፖስተኛው እንደነገረኝ ይህ ደብዳቤ ሐሙስ ይደርስሃል። እኔ ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ስለዚህ ልትሸሸኝ ብትፈልግ ሁለት ቀን ሙሉ አለህ። በርህን አንኳኩቼ ካልከፈትክልኝ አልቆጣም። የባሕሩ ዳር ቤተ ክርስቲያን ማታ ቅዳሴ አለው ብለውኛል፣ እዚያ አስቀድሼ እመለሳለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጥቼ አንኳኳለሁ። በዚያኛውም። ዘንድሮ አደን የለኝምና ቅዳሜዎቼ ሁሉ ያንተ ናቸው።

የእህትህ ባል፣
የርኔይ