ሁለት ወንበር፣ አንድ አስተያየት

ለተከበሩ ጓድ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ተቆጣጣሪ
ባሉበት

ጤናዎ እንደ መመሪያዎ የማይናወጥ እንዲሆን፣ ቤተሰብዎም በሰላም ውሎ እንዲያድር ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ የሳምንቱ የፊልም ዝግጅት ሃያሲ እምሩ ወልደገብርኤል ይህን ደብዳቤ ከፒያሳ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ሳላሽገው የላክሁት፣ ፖስታ የሚከፍቱ ጓዶች በከንቱ እንዳይደክሙ አስቤ ነው፤ ሌላውን ቅጂ በአክበረት ኬክ ቤት ባንኮኒ ላይ ትቼዋለሁ።

አንደኛ፣ ስላስማሙን አመሰግናለሁ። እንደሚያስታውሱት ባልደረባዬ ሰርክአዲስና እኔ በየሳምንቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን በሲኒማ ቤቶቻችን ስለሚታዩት ፊልሞች እንከራከር ነበር። እኔ ያለቀስሁበትን እሷ ትስቅበታለች፤ እኔ ያደነቅሁትን ተዋናይ “ግንድ ነው” ትለዋለች፤ ልታቋርጠኝ ስትል ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር በጫማዋ ጫፍ እግሬን ትመታኛለች። ከጊዮርጊስ እስከ ቸርችል ጎዳና ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ “የሷ ወገን ነህ የሱ?” ይባባል ነበር። ከዚያ ስለ ስንዴ አጨዳው ፊልም እኔ “ተንዛዝቷል” ስል፣ እሷ “አንተ ትዕግሥት የለህም እንጂ ፊልሙስ ደኅና ነው” አለች፤ እርስዎም ሁለት ሃያስያን በአንድ ፊልም ላይ ሁለት አቋም መያዛቸው ሰፊውን ሕዝብ እንደሚያደናግር አስተዋሉ። “ተንዛዝቷል” በማለቴ ግለ ሂስ አደረግሁ፤ ስብሰባው ከፊልሙ ይረዝም ነበር፣ ይህን ግን የደፈረ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እኔ “አስተማሪ ነው” እላለሁ፣ እሷ “በጣም አስተማሪ ነው” ትላለች። “በጣም” የምትለዋን እስካሁን ስላልነጠቋት ባለውለታዎ ነን።

ሁለተኛ፣ ስላተረፉልኝ ክብር። ድሮ ኬክ ቤቱ ስገባ ሰው ወንበሩን እየሳበ ይከበኝና በተናገርሁት ይሟገተኝ ነበር። ዛሬ ስገባ ጨዋታው ቀጥ ይላል። የፒያሳ ሰው መቼም ብልህ ነው፤ የታዘዘውን ብቻ የሚናገር ሰው ካየ፣ የሰማውንም ወስዶ የሚናገር ነው ብሎ ይደመድማል። ያለ ደመወዝ ጆሮ ጠቢ ሆኜልዎታለሁ። የኬክ ቤቱ ባለቤት አክበረት እንኳ ዕድሜዋን ሙሉ “ጋሼ እምሩ” ስትለኝ ኖራ፣ ባለፈው ሰሞን ማኪያቶዬን አስቀምጣ “ይኸው፣ ጓድ” አለችኝ። ማኪያቶውን ሳልነካው ተውሁት። ከፍቶኝ፣ አፍሬም ወጣሁ።

ሦስተኛ፣ አሰናብቱኝ ብዬ ባመለከትሁ ቁጥር “ምትክ የለህም” ስላሉኝ ኮርቻለሁ። “አስተማሪ ነው” ለማለት ምትክ የማይገኝለት ባለሙያ በአገራችን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። “ዝም አይነቅዝም” ብዬ ዝም ብል ደግሞ ዝምታም አቋም ነው ተባልሁ። ስለዚህ መብራቱ ሲበራ ከሰርክአዲስ ጎን እቀመጣለሁ፤ “አስተማሪ ነው” ባልሁ ቁጥር ዛሬም ከጠረጴዛው ሥር ትመታኛለች፣ ከድሮው አጥብቃ። ከክርክራችን የተረፈችን ይህችው እርግጫ ናት። ይህን ደብዳቤም ጻፈው ያለችኝ ራሷ ሰርክአዲስ ናት፤ ከልባችን የተስማማንበት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ሆነ።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው፦ ወይ ያሰናብቱኝ፣ ወይ ያከራክሩን። አክበረት እንደገና ጋሼ እንድትለኝ እፈልጋለሁ።

የመመሪያዎ ታዛዥ፣ የወንበሬ እስረኛ፣ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ ከማለት በቀር ሌላ ቃል ያልቀረልኝ፣

እምሩ ወልደገብርኤል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ቅዳሜ ቸርችል ጎዳና ላይ መኪናዎን አቁመው፣ መስተዋቱን ዝቅ አድርገው፣ ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ “ለመሆኑ አዲሱ ፊልም ጥሩ ነው? ባለቤቴን ልወስዳት ነው” ብለው በሹክሹክታ ጠይቀውኝ ነበር። እኔም በመመሪያዎ መሠረት “አስተማሪ ነው” አልሁዎት። ከመሃል ጥላችሁ መውጣታችሁን ሰምቼ አዝኛለሁ። ፊልሙ እንደማይረባ አክበረት ቤት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ግን እርስዎም ቢገቡ ጨዋታው ቀጥ ይላል።