አጓት የሆነው ደም

ቴሳዋ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው

ለተከበርሽው ባለቤቴ ለታሳላ፣ ዚንደር፤

ሰላም ላንቺ፤ ለምታስታምሚያቸው እናትሽም ምሕረቱን ያውርድላቸው። ይህን ደብዳቤ የጻፈልኝ ሰው የለም፣ በገዛ እጄ ነው። ከማታ ትምህርት ቤት ከሠላሳ ሰው አንደኛ ወጥቻለሁ። በፈተናው ቀን ሃያ ዘጠኙ መቅረታቸው የኔ ጥፋት አይደለም።

ፊደሌ የተንጋደደው ግን ካለማወቅ አይደለም፤ ሐኪም ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ስለምጽፍ ነው።

ያቺ ልጅ ታማለች። እግሯ ላይ ብጉንጅ ወጣባትና በሦስተኛው ቀን እንደ እሳት ነደደች፤ ጭኗም ወይን ጠጅ በመሰለ ነጠብጣብ ተሞላ። የሞተ ደም ነው አልኩ። አንቺ “ፍየል ብታስል እንኳ በጥቶ ያግማታል” እያልሽ ትስቂብኝ የለ? በጣኋት፣ ቀንዱን ደፍቼ አገምኳት። ሃያ ዓመት ሙሉ ያገምኩት ደም ሁሉ በጨርቅ ስይዘው ይቆማል። የሷ አልቆመም።

ተሸክሜያት ሐኪም ቤት መጣሁ። ሐኪሟ እንዳለችው ተዋህስያኑ ከብጉንጁ ወደ ደሟ ገብተዋል፤ ፕሮቲን የሚባል ነገር እያወጡ ደሙን ያረጉታል፣ የረጋው ውስጥም ይሸሸጋሉ። አለመግባቴን አይታ፣ “ወተት ላይ እርሾ ሲጣል ምን ይሆናል?” አለችኝ።

ይረጋል አልኳት።

“የሚረጋው ሁሉ በየቀጫጭን ሥሯ ረግቶ አለቀ። የቀረው አጓቱ ነው፤ አጓት ደግሞ አይረጋም። ይኸው የበጣት ሰው ሃያ ቀዳዳ ከፈተለት።”

ማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ መንገደኛ አጋሚ ነው አልኩ። ላንቺ ግን አልዋሽም።

መድኃኒቱን በሥሯ እየሰጧት ነው፤ ከኔም ደም ቀድተው ጨምረውላታል። ጨርቁ ግን አሁንም ይርሳል። ዛሬ ጠዋት ዓይኗን ስትከድን ሐኪሟ፣ “በስሟ ጥራት፣ እንዳትሄድብን” አለች። “አንቺ ልጅ፣ አንቺ ልጅ” አልኳት። አንቺም እኔም የበኩራችንን ስም ዘጠኝ ዓመት ከአፋችን አውጥተን አናውቅም፤ በወጋችን ነውር ነዋ።

“አባቷ አይደለህም እንዴ?” አለችኝ።

ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብዬ ጠራኋት። ዓይኗን ገልጣ፣ “አባባ፣ ስሜን ታውቀዋለህ?” አለችኝ።

ታሳላ፣ ነውሩን ተይውና ይህን ባመጣልሽ መኪና ተመለሽ። አንቺም ጥሪያት። የኔ ድምፅ ብቻውን እንዳያንሳት ፈራሁ።

አላህ መንገዱን ያሳጥርልሽ።

የዙላይ አባት፣
ጋምቦ